ታሪክ የሚናገር መናፈሻ በጅማ፦ ከንድፍ እስከ እንክብካቤ

በጅማና በአካባቢዋ ሎጅ፣ ሪዞርት ወይም መናፈሻ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የሚከብደው ታሪኩን መሬት ላይ ማሳረፉ ነው። በር ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ጀበና ማቆም የተለመደ ቢሆንም፣ እንግዳው አንድ ጊዜ ፎቶ ከተነሣበት በኋላ ሐውልቱ የሚጨምርለት ነገር የለም። ታሪክ የሚገባው በእግሩ ሲሄድ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ፣ ሽታው ሲደርሰው ነውና የነዳፊው ዋና መሣሪያ የመንገዱ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «እንግዳው ቡናን ከጫካ ጥላ እስከ ሲኒ ይከተላል» የሚለው ለምሳሌ ይበቃል። የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ወይም የሂርማታ ገበያና የሲራራ ነጋዴዎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ታሪኮች ስለሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ግቢ ማጨቅ ሁሉንም ያደበዝዛል። ይሁንና ከቦታው ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ የሚታይ ከሆነ በዛፎቹ መካከል ክፍተት ይተዉለት፤ ምንም ሳይገነቡ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ የመናፈሻው አካል ያደርጉታል።

ቀጥሎ ቦታውን ዝናብ እየዘነበ ይዩት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ቀዩ ሸክላማ አፈር ሲርስ ያንሸራትታል። ውኃ የሚወርድበትንና የሚተኛበትን በችካል ምልክት አድርገው መንገዱን ከዚያ በኋላ ያስምሩ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እንዲሄዱ 1.5 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል፤ አቀበቱም በ1 ሜትር ርዝመት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ባይነሣ ለአረጋውያንም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ይመቻል። ውኃ የሚተኛበትን ረባዳ ጥግ በአፈር ከመድፈን ቀጠማ ቢያበቅሉበት ይሻላል፤ ለቡና ሥነ ሥርዓቱ የሚጎዘጎዘው ቀጠማ እንግዳው እያየ ከዚያው ይታጨዳል።

አሁን ጉዞውን ይቀምሩ። መግቢያው ጠበብ ያለ፣ በብርብራ፣ በሳሳና በዋንዛ ጥላ የተሸፈነ ይሁን፤ ከሥሩ የቡና ችግኝ በ2 ሜትር ርቀት፣ በመካከሉም ኮረሪማ ይተከል። የእንግዳ መቀበያው ሕንፃ ገና ከበሩ መታየት የለበትም። መንገዱን ጠምዘዝ ካደረጉት ቀጣዩ ክፍል ተሰውሮ ይቆያል፣ እንግዳውም ለማየት ወደፊት ይሄዳል። ከጥላው ሲወጣ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ ስፍራ ላይ በሽቦ መረብ የተሠራ፣ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ያግኝ፤ እሸት ቡናውን በእጁ ያገላብጠው። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ከሁሉ በላይ ልብ ይባልባት፦ ቡና የሚቆላበት ምጣድ የሚቀመጠው ነፋሱ ጭሱን ወደ መጨረሻው ጠመዝማዛ በሚያመጣበት በኩል ነው። እንግዳው ረከቦቱን ሳያይ ሽታው ይደርሰዋል፤ ቀሪውን መንገድ የሚመራው አፍንጫው ይሆናል። ሲደርስም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ይጠብቀው፤ የፕላስቲክ ወንበር እዚህ ቦታ የለውም።

የፍየል እረኛው የካልዲ ነገር በጎማ ወረዳ ጮጬም በከፋም የሚነገር ተረት ስለሆነ፣ እንደተረጋገጠ ታሪክ ሰሌዳ ላይ አይጻፍ፤ ቡና የምታፈላው እመቤት ተረት መሆኑን ገልጻ ታውጋው። ሰሌዳዎች በአጠቃላይ ጥቂትና አጭር ይሁኑ።

የወቅቱን ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ቡና ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት ግድም፣ ነጭ አበባ አውጥቶ ለጥቂት ቀናት ግቢውን በመዓዛ ይሞላል፤ ቀይ ፍሬው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይለቀማል። በክረምት ግን አበባም የበሰለ ቀይ ፍሬም ስለማይኖር፣ በመንገዱ አጋማሽ ዝናቡን ተቀምጠው የሚያዩበት ጣሪያ ያለው ማረፊያ ያዘጋጁ።

ችግኝ ተተክሎ የመጀመሪያውን ምርት ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ስለሚፈጅ ተከላው ከግንባታው መቅደም አለበት። በቦታው ያሉትን ነባር ዛፎች ሕንፃው ከመወሰኑ በፊት ፕላኑ ላይ አንድ በአንድ ያስፍሩ፤ መቶ ዓመት የቆየን ዋርካ በገንዘብ መተካት አይቻልም። የጥላ ዛፎቹ እስኪያድጉ እንሰት ወይም ሙዝ ጥላ ይሆናል። በሽታን ስለሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች መልኮ የሚገኘውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ማማከር ጠቃሚ ነው።

በመጨረሻም የእንክብካቤ ዕቅዱ ከንድፉ ጋር አብሮ ይጻፍ፦ ቡናው ከለቀማ በኋላ መቼ እንደሚገረዝ፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ በተለይም በጠመዝማዛዎቹ ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎች እስከ ምን ቁመት እንደሚቆረጡ። አዲስ አትክልተኛ ለንጽሕና ብሎ ከጉልበት በታች ቢያሳጥራቸው ተሰውሮ የነበረው ሁሉ ከበሩ ይታያልና፣ ቁመቱ ከዓይን ከፍታ በታች እንዳይወርድ በግልጽ ይመዝገብ።