አጨብጭበን ያለፍነው ስንኝ፦ የዘፋኝን ድምፅ ስንገመግም የምንሠራቸው ስህተቶች

ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በመቅረፅ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ዘፋኝ አዝማቹ ላይ ከፍ ያለችውን ቦታ ቀጥ አድርጎ ያዛት። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ አጨበጨብን። ማታ ሰው ከሄደ በኋላ ሙዚቃውን ዘግቼ የልጁን ድምፅ ብቻውን አዳመጥኩት። አዝማቹ እውነትም ያምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ስንኞች ግን የመጨረሻው ቃል ሁሉ ይወድቃል። «ናፈቀኝ» ሲል «ኝ» አትሰማም። ትንፋሹ እዚያ ሳይደርስ ያልቅበታል። ከሙዚቃው ጋር ስንሰማው ማናችንም ልብ አላልነውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ዘፋኝ ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር ያቺ የጠፋች «ኝ» ትዝ ትለኛለች። ስንገመግም በብዛት የምንስተው እንዲህ ያለውን ነው።

ከፍታን ብቻ መለካት

ማራያ ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «ኢሞሽንስ» ላይ እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ ታሰማለች። በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ይደንቃል። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ሁሉ «ስንት ኦክታቭ አላት?» ላይ ይቀራል፤ ኦክታቭ የድምፅ ስፋት መለኪያ ነው። ስፋት ተፈጥሮም ልምምድም የሚሰጠው ነገር ነው። ዘፋኙ በዚያ ስፋት ምን እንደሚሠራበት ግን አይነግረንም።

ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1992 የዘፈነችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» አስታውሱ። ሰው የሚጠብቀው ከበሮው ከተመታ በኋላ የሚመጣውን ነው። እኔን የሚይዘኝ መግቢያው ነው። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አንድም መሣሪያ የለም። ድምፅዋ ብቻዋን ትሄዳለች፤ መደበቂያ የላትም። ዝግ ብላ፣ ትንፋሿን ቆጥባ፣ ቃሉን ሳትጥል ትጨርሰዋለች። ጮሆ ከመዝፈን ድምፅን ዝቅ አድርጎ መዝፈን እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል።

አንድ ቅጂ ሰምቶ መፍረድ

አልበም ላይ የምትሰሙት አንድ ጊዜ የተዘፈነ አይደለም። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ አንዱን ስንኝ ከብዙ ሙከራ ቆራርጠን እንገጣጥማለን። ከቃና የወጣን ድምፅ የሚያቃናው ሶፍትዌር፣ አውቶ ቱን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 መጣ። በዓመቱ ዘፋኟ ሼር «ቢሊቭ» ላይ ሆን ብላ አጉልታ አሰማችው። ቀስ ተደርጎ ሲሠራ ግን ጆሮ አይለየውም። ስለዚህ «ቃናውን አንዴም አልሳተም» ብላችሁ አልበም አትጥቀሱ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዊትኒ እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ታምፓ ላይ በአሜሪካን ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ የዘፈነችው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር በቀጥታ የመዝፈን ብቃት ማሳያ ተደርጎ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ተመልካቹ የሰማው ግን አስቀድሞ ስቱዲዮ የተቀረፀውን ነው። ድምፅዋ የራሷ ነው፤ ያ አያጠራጥርም። እንደዚያ ባለ ሰፊ ስታዲየም ድምፅ ዘግይቶ ስለሚመለስ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። የመድረክ ትንፋሿን ግን ከዚያ መለካት አይቻልም። ይልቅ የሚጠናው ሌላ ነገር አለ። መዝሙሩ በሦስት ምት የሚሄድ ነበር። የእሷ በአራት ምት ተቀነባበረ። ያቺ የተጨመረች ምት ለትንፋሽም ቃሉን ለመዘርጋትም ቦታ ሰጠች።

በተቃራኒው ደግሞ በስልክ የተቀረፀ አንድ ደቂቃ አይቶ «አለቀለት» የሚል አለ። ስልክ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ያስተካክላል። የዘፋኙ የድምፅ ልዩነት እዚያው ይጠፋል። ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ሞኒተር ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ራሱን ያልሰማ ሰው ይጮኻል፤ ሲጮህ ደግሞ ከቃና ይወጣል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መድረኮችን ሳትሰሙ አትፍረዱ።

በማይመጥን ሚዛን መመዘን

የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክ ኦርኬስትራውን አልፎ መሰማት አለበት። ለዚህም በሴኮንድ 3000 ንዝረት አካባቢ ያለውን የድምፁን ክፍል አጉልቶ ማውጣት ይማራል። የፖፕ ዘፋኝ ማይክ አለው። ሹክ ቢል እንኳ ኋላ የተቀመጠው ይሰማዋል። «ድምፁ አይወጣም» የሚለው ወቀሳ እዚህ ቦታ የለውም።

በእኛ ዘፈን ላይ ሲሆን ስህተቱ ይብሳል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተዘፈነን ድምፅ የጊታር መቃኛ አፕ ላይ ብትከፍቱት «ስቷል» እያለ ቀይ ያበራል። መሣሪያው የሚያውቀው የፒያኖን ልክ ነው። አስቴር አወቀ አንዷን ድምፅ ስታዞር፣ ስትነቀንቅ፣ ሰብራ ስትመልስ የምትሰሙት ቅላፄ የዜማው አካል ነው። እሱን «መንቀጥቀጥ» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ ገምጋሚ ዘፈኑን ገና አልሰማም።

ፊደሉን አለማዳመጥ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና መጀመሪያ «ከ»፣ ቀጥሎ «ቀ» በሉ። «ቀ» ስትሉ ማንቁርታችሁ ከፍ ትላለች፤ አየሩም ለቅፅበት ይዘጋል። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ»ም እንዲሁ ናቸው። «ቀጠሮ» የሚለውን ቃል ረዥም ዜማ ላይ የሚያሳርፍ ዘፋኝ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ አየር ዘግቶ መክፈት አለበት። ጎበዙ ፊደሏን አጭር አድርጎ ቶሎ ወደ አናባቢው ይሸጋገራል። ያልተለማመደው እዚያው ይታነቃል። ወይም «ቀ»ን ወደ «ከ» አላልቶ ያልፋታል፤ ቃሉም ይሞታል።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ደግሞ ያልደረሰ ነገር። ዜማው አስገድዶት የሚላላውን የሚያጠብቅ ዘፋኝ ትርጉም ይቀይራል።

ከሁሉም የሚከብደው «ፍቅር» ነው። የዘፈኖቻችን ዋና ቃል ነው፤ ሦስቱም ፊደላት ግን ሳድስ ናቸው። አፍ የሚከፍት አናባቢ የለውም፤ መሃሉ ላይ ደግሞ «ቅ» ቁጭ ብላለች። እዚህ ቃል ላይ ከፍ ያለ ድምፅ መያዝ አፍን ዘግቶ እንደመጮህ ነው። ግጥም ደራሲው «ፍቅሬ» ሲል ለዘፋኙ መውጫ ሰጠው ማለት ነው። «ሬ» ላይ አፉን ከፍቶ መዘርጋት ይችላል። «ፍቅር» ብቻ ሲመጣበት ግን ምን እንደሚያደርግ አድምጡ። ሳድሱን በትንሹ ወደ «ኧ» አስጠግቶ፣ ቃሉ ሳይበላሽበት የሚያልፍ ካገኛችሁ ያ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ጎርናና ድምፅን ጉዳት ማለት

አንዳንዱ ሻካራ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው «ጉሮሮውን ጨርሶታል» ይላል። ሻካራነት የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ተፈልጎ የሚመጣም አለ። የድምፅ አውታር መጎዳቱን የሚያውቀው በካሜራ ያየው ሐኪም ነው። አዴል እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ውስጥ የድምፅ አውታር ቀዶ ሕክምና አደረገች። በወራት ውስጥ ግራሚ መድረክ ላይ ዘፈነች፤ ያን ምሽት ስድስት ሽልማት ወሰደች። ጁሊ አንድሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተደረገላት ቀዶ ሕክምና በኋላ የዱሮ ድምፅዋ አልተመለሰም፤ እሷን «አዘፋፈን አታውቅም» የሚል ደግሞ አይገኝም። መታመም የችሎታ ማነስ ማስረጃ አይሆንም።

ጆሮ ሊጠረጥር የሚችለው አንድ ነገር ግን አለ። አውታሩ ሲያብጥ ቶሎ የሚጠፋው ከፍ ብሎ ግን ለስላሳ የሆነው ድምፅ ነው። ዘፋኙ ኮንሰርቱ መጨረሻ ላይ ከፍ ያለውን ቦታ በጩኸት ብቻ የሚያገኘው ከሆነ ደክሟል።

ስም ለመስጠት መቸኮል

«ቴነር ነው፣ ባሪቶን ነው» የሚለው ክርክር ብዙም አይጠቅምም፤ ቴነር ከፍ ያለው፣ ባሪቶን ከሱ ዝቅ ያለው የወንድ ድምፅ ነው። የኩዊን ባንዱን ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪን ሰው በቴነርነት ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ግን የንግግር ድምፁን መርምሮ ወደ ባሪቶን አድልቷል። ዘፈኑ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

ዕድሜን አለመቁጠር

ጥላሁን ገሠሠ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘፍኖ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ። በመጨረሻ ዓመታቱ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን አጥቶ ነበር። ተቀምጦ ሲዘፍን ያያችሁትን ከክብር ዘበኛ ዘመኑ ጋር አስተያይታችሁ «ቀንሷል» ማለት ቀላል ነው። ሲቀመጡ ሆድ ይታጠፋል፤ ትንፋሽ የሚገባበት ቦታ ይጠባል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ደግሞ ሳንባም አውታሩም የዱሮውን ያህል አይታዘዙም።

እንዲህ ሲሆን የሙዚቃ ባንዱ ኪውን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን የድምፅ ከፍታ፣ ግማሽ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ይሄን የሚያሳፍር የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ ግን ብልህነት እለዋለሁ። የአንድን አንጋፋ ዘፋኝ አንድ ዘፈን በወጣትነቱና ዛሬ የዘፈነውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስሙ። ዱሮ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው የነበረውን ስንኝ አሁን የት ላይ እንደሚቆርጠው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ቃሉ ካለቀ በኋላ፣ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል ነው።