ኮሮላ ወይስ ዲዛየር? መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሂዱ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ አሁን የምትመርጡት እዚሁ ካለው ነው። ቀለሙን ተዉት። መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂዱና የሁለቱንም የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮንና የስፖኪዮ ዋጋ ጠይቁ። ስፖኪዮ እኮ በአዲስ አበባ የሚሰበርም የሚሰረቅም ነው! ከዚያ አራት ሰው አሳፍራችሁ ፍጥነት መቀነሻ ላይ አሻግሩት፤ ሆዱ ከነካ ለኮብልስቶን ሰፈር አይሆንም። የሱዙኪ ዲዛየር 1.2 ሊትር ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ለክፍለ ሀገር መንገድ ግን እኔ ኮሮላን እመርጣለሁ። መኪናውን በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እዩት። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ የማስነሳት ችግሩን ሊደብቅ ይችላልና ሌላ ቀን ተመለሱ። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ።