የግልቢያና የጉግስ ፈረስ ሲጫን የሚፈጸሙ ስህተቶች

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ላይ ፈረሶች ለግልቢያና ለጉግስ በባለ ቀለም ግላስ (ከኮርቻው ላይ በሚደረብ የጌጥ ልብስ) እና በጌጠኛ ልጓም አጊጠው ይቀርባሉ። ተመልካች ከግላሱ ሥር ያለውን አያይም፤ ሆኖም በሶምሶማ ጊዜ እዚህ ግባ የማይባል የኮርቻ ጉድለት በሽምጥ ግልቢያ ጊዜ ጀርባ ይልጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ኮርቻን በፈረሱ ጀርባ ሳይለኩ መግዛት ወይም መዋስ ነው። የአገራችን ኮርቻ ከእንጨት ተጠርቦ በቆዳ የሚለበጥ እንደ መሆኑ፣ እንጨቱ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማረፍ፣ መካከሉ ደግሞ ጋላቢው ከተቀመጠ በኋላም ከአከርካሪው ሳይነካ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። የኮርቻው ጫፍ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ወደ ኋላ ካለፈ ክብደቱ የጎድን ድጋፍ በሌለው ወገብ ላይ ያርፋል። ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ከግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲነሣ ላቡ በሁለቱም ጎን እኩል ሊታይ ይገባል፤ በላብ በራሰው ጀርባ ላይ ደርቆ የቀረ ቦታ ቢገኝ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ኮርቻው ከመጠን በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ በዳማ ወይም በጉራቻ (ጠቆር ባለ ቀለም) ፈረስ ላይ ዘግይተው የሚወጡ ነጫጭ ፀጉሮችም፣ ባለቤቱ እንደ ውበት ቢቆጥራቸውም፣ በአብዛኛው የቆየ ቁስል ምልክት ናቸው።

ጀርባው ሲላጥ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ መደራረብ የተለመደ ነው። ኮርቻው ሰፊ ከሆነ ለጊዜው ይረዳል፤ ጠባብ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ድብዳብ ይበልጥ ያጠብበዋል።

የሆድ ጠፍርን በአንድ ጊዜ ጎትቶ ማሰርም ስህተት ነው። ብዙ ፈረሶች ሲጫኑ ደረታቸውን ስለሚነፉ ጠፍሩ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይላላል፤ ስለዚህ በመጠኑ አስሮ፣ ፈረሱን አመላልሶ፣ ከመውጣት በፊት እንደገና ማጥበቅ ይገባል። ኮርቻው ሲሮጥ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ የሆዱን ጠፍር ጣት እስከማያስገባ ድረስ ማጥበቅ ፈረሱን ቶሎ ከማድከም በቀር አይጠቅምም፤ ለዚህ የተሠራው የደረት ጠፍር ነው።

በልጓም ጉዳይ ላይ ግን ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ከጥንት የኖረው ባለ ቀለበት ልጓም የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን ስለሚይዝ፣ ጋሻና ጦር የያዘ ፈረሰኛ በአንድ እጁ ፈረሱን ባለበት እንዲያቆም ያስችለዋል። ይህን የመሰለ ኃይለኛ ልጓም ኮርቻ ላይ መርጋት ላልተማረ ወጣት መስጠት ጭካኔ ነው፤ እንዳይወድቅ በዛቡ (በልጓሙ መሳቢያ ጠፍር) የሚንጠለጠል ጋላቢ በየዝላዩ የፈረሱን አፍ ይቀጠቅጣል። አፉን ከፍቶ ራሱን ወደ ላይ የሚወረውር ፈረስ እልከኛ ተብሎ የባሰ ልጓም ይገባለታል፣ እርሱ ግን የሚሸሸው ሕመሙን ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ መታየት ያለበት የአፉ ጥግ፣ ምላሱ፣ እንዲሁም በፊትና በኋላ ጥርሶቹ መካከል ያለው ጥርስ አልባ ድድ ነው።

አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባው ባህላዊ እርካብ ለባዶ እግር የተሠራ ነው። ጫማ ያደረገ ጋላቢ፣ በወደቀ ጊዜ እግሩ ተቀርቅሮ እንዳይጎተት፣ ከጫማው ጎንና ጎን ክፍተት የሚተርፍለት እርካብና ተረከዝ ያለው ጫማ ያስፈልገዋል። አዲስ ጌጥና አዲስ ጠፍርም ለመጀመሪያ ጊዜ በበዓሉ ዕለት መሞከር የለባቸውም።

በበዓል ሰሞን የሚዘወተረው የኮርቻና የድብዳብ መዋዋስ ሌላ መዘዝ አለው። በፈንገስ የሚመጣውና በአገራችን በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታየው የቆዳና የሊምፍ ሥር በሽታ በቁስል በኩል ስለሚገባ፣ መግል የነካው ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ሊያሻግረው ይችላል። ስለሆነም ቁስል ያለበት ፈረስ ዕቃ ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ ፈረሱም ቁስሉ ሳይድን ሊጫን አይገባም።