ከእራት በኋላ እጅ ወደ ጓዳ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እራት ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጡ በኋላ "የሆነች ነገር ብትኖር" የሚል አምሮት የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎች ነገሩን የሆዳምነት ጉዳይ አድርገው ስለሚያዩት ትግሉን የሚጀምሩት ማታ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ነው። ለመሸነፍ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎችን ለ13 ቀናት ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሥር አቆይቶ የረሃብ ስሜታቸውን ለክቶ ነበር። መቼም ይብሉ መቼም ይተኙ፣ ረሃባቸው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ዝቅ፣ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ደግሞ ከፍ ይል ነበር። ሰውነት በራሱ ሰዓት ማታ ላይ ምግብ ይጠይቃል ማለት ነው። በዚህ ላይ ቀኑን በረሃብ የዋለ ሰው ቢጨመርበት ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ቁርስና ምሳን ዘሎ ማታ ላይ ራስን ለመግዛት መሞከር

ጠዋት አንድ ስኒ ቡና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ስለበዛ አንድ ሳምቡሳ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም። እንዲህ የዋለ ሰው ማታ ላይ ራሱን ቢገዛ ነው የሚገርመው። እራቱን በልቶም አይጠግብም። ቸኩሎ ስለሚበላ የጥጋብ ስሜት ከመድረሱ በፊት ማዕዱ ይነሳል፤ ከሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ያልተከፈለው የቀኑ ዕዳ ይመጣል።

የሚሠራው አደላደል ቀላል ነው። ከተነሱ በ2 ሰዓት ውስጥ ቁርስ፣ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ምሳ፣ 10 ሰዓት ላይ መክሰስ፣ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት እራት። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማስተካከል የሚችል ሰው መክሰሱን ያስተካክል። ቢሮ የሚውለው ሰው የረሳው ይህንን ነው፤ ቡናው ቀርቷል፣ ከቡናው ጋር ይቀርብ የነበረው ቆሎና ዳቦም አብሮ ቀርቷል። 10 ሰዓት ላይ የተበላ አንድ እፍኝ ቆሎ ለእራት ሰው አድርጎ ያቀርባል። ያው ቆሎ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሲጀመር ግን አንድ እፍኝ ሆኖ አይቀርም።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው መክሰስ ላይኖረው ይችላል። የእሱ ስህተት ሌላ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ በሻይና በዳቦ "ጾሙን ሰብሮ" ዋናውን ምግብ ወደ ማታ መግፋት። 9 ሰዓት ላይ ሙሉ ምግብ ይብላ፤ የማታው ያነሰ ይሁን። በረመዳን ደግሞ ሱሁር በቦታው ያለ ነገር ነው፤ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። ችግር የሚሆነው ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ድረስ ሳያቋርጡ መቀማመስ ነው።

"ማታስ ሻይ በዳቦ ይበቃኛል"

ክብደት ለመቀነስ የሚሞክሩ ሰዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ነጭ ዳቦና 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ቶሎ ይፈጫል። ስኳሩ ብቻ 12 ግራም ያህል ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ከጠጡ 24 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢሆን ይመረጣል የሚለው መጠን ወደ 25 ግራም ስለሆነ፣ "ቀለል ያለ" የተባለው እራት የቀኑን ስኳር በአንዴ ጨረሰው ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ከ2 ሰዓት በኋላ ሆድ ባዶ ነው።

ሆድ የሚይዘው ፕሮቲንና አሰር ያለበት እራት ነው። እዚህ ላይ የሽሮ ጉዳይ መነሳት አለበት። ቀጭን ሽሮ ውሃው ይበዛል፣ ዱቄቱ ያንሳል፤ በላተኛው የሚጠግበው በእንጀራው ነው። ያንኑ ሽሮ ወፍራም አድርጎ መሥራት፣ ወይም አጠገቡ ምስር ወይም ክክ ማስቀመጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። 100 ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ ሁለት እንቁላል ውስጥ 12 ግራም ያህል። ለአንድ ሰው እራት የሚሆን ልክ አንድ እንጀራ፣ ሁለት ጭልፋ ወፍራም የጥራጥሬ ወጥ፣ ከትሪው ግማሽ የሚጠጋ ጎመን ወይም ሰላጣ ነው። ጎመኑን ጌጥ አድርጎ ጥግ ላይ ማስቀመጥ አይቆጠርም።

ድስቱንና መሶቡን ሳይዘጉ መቀመጥ

ብዙው የማታ ምግብ ሳህን ላይ አይወጣም፤ ለዚህም ማንም "በላሁ" ብሎ አይቆጥረውም። ማዕድ ሲነሳ ልጆቹ የተዉት ሁለት ጉርሻ ይጎረሳል። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት ግርግዳው ላይ የቀረው ወጥ በእንጀራ ቁራሽ ተጠርጎ ይበላል። ዘይቱና ቅመሙ ታች ስለሚቀር ከሁሉ የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃ ለመጠጣት ወደ ኩሽና ሲገባ መሶቡ ይከፈታል፣ ጫፉ የደረቀ እንጀራ ይቆረሳል፤ "ይህችማ ምንም አይደለችም።"

መፍትሔው ከእራት በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የቀረውን ወጥ ሳይቀምሱ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጠው ፍሪጅ ውስጥ፣ ፍሪጅ ከሌለ ለነገ ቁርስ ፍርፍር እንዲሆን ተሞቆ ተከድኖ፤ ድስቱ ላይ ወዲያው ውሃና ሳሙና፤ የልጆቹ ትራፊ ወዲያው ወደሚሄድበት። የመጠጥ ውሃ በጆግ ሳሎን ይቀመጥ፤ ኩሽና የሚያስገባ ሰበብ እንዳይኖር። ከዚያ መብራት ማጥፋትና ጥርስ መፋቅ። የጥርስ ሳሙናው ሽታ አፍ ውስጥ እያለ ለውዝ አይጣፍጥም፤ ተራ ዘዴ ቢመስልም ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ከጎድጓዳው እየዘገኑ መቆርጠም

ለውዝ፣ ሱፍ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ችፕስ። ድራማው እስኪያልቅ ድረስ እጅ አይቆምም፤ ዓይን ስክሪኑ ላይ ስለሆነ ምን ያህል እንደተበላ የሚያስታውስ የለም። 100 ግራም ለውዝ ከ560 ካሎሪ በላይ አለው። ይህ አንድ ሙሉ ምሳ ሊሆን ይችላል፤ ሲበላ ግን ሰው የተመገበ አይመስለውም። መብላት ከተፈለገ በቡና ስኒ አንድ ጊዜ ሰፍሮ፣ ላስቲኩን ቋጥሮ መልሶ፣ ከዚያ መቀመጥ ነው። ሁለተኛውን ለመስፈር መነሳት ካስፈለገ ብዙ ጊዜ ይቀራል።

የእንቅልፍን ድርሻ መርሳት

በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት 12 ወጣት ወንዶችን ሁለት ሌሊት ለ4 ሰዓት ብቻ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሌሊት ለ10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አድርጎ አነጻጸራቸው። እንቅልፍ ሲያጡ ረሃብ ቀስቃሹ ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ፤ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን በ18 በመቶ ወረደ። ያማራቸውም በተለይ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ዱቄት ነክ ምግብ ነበር። ነቅቶ መቆየት በራሱ ተጨማሪ የመብያ ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ሆርሞኑ ይገፋል።

እዚህ ላይ የሚበድለን ከእራት በኋላ የሚፈላው ቡና ነው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት የተጠጣ አቦል ከግማሹ የሚጠጋው እኩለ ሌሊት ላይም አለ። "እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም" የሚል ሰው ይኖራል፤ ቶሎ ይተኛ ይሆናል፣ እንቅልፉ ግን ይሳሳል። ቢያንስ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ማቆም፣ ማለትም 5 ሰዓት ለሚተኛ ሰው የመጨረሻው ስኒ 11 ሰዓት ላይ። የማታው ሥነ ሥርዓት እንዲቀር ካልተፈለገ በጤና አዳም ወይም በቀረፋ የፈላ፣ ስኳር የሌለበት ነገር ማቅረብ ይቻላል።

ጫት ለሚቅም ሰው ነገሩ ይብሳል። ከሰዓት በኋላ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በለስላሳና በስኳር ሻይ ይዋላል፣ እራት ይቀራል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ረሃቡ ይመለሳል። ለጨብሲ ተብሎ ቢራ ከተጨመረበት ደግሞ አልኮሉ የምግብ ፍላጎትን ከፍቶ ራስን መግዛትን ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ማታ መክሰስ ማውራት ዋጋ የለውም፤ ወይ ከመቃም በፊት በደንብ መብላት ነው፣ ወይ ቅሙን መቀነስ።

"ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም አይበላም" የሚል ሕግ

ማታ 6 ሰዓት የሚተኛ ሰው 12 ሰዓት ላይ አፉን ከዘጋ 6 ሰዓት ነቅቶ ይራባል። ከዚያ 4 ሰዓት ላይ ሲያፈርሰው "አንዴ ከተበላሸ" ብሎ እስኪጠግብ ይበላል። ሰዓት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በ2022 የታተመ ጥናት 16 ሰዎች ያንኑ ምግብ በ4 ሰዓት ዘግይተው ሲበሉ ረሃባቸው እንደጨመረ፣ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበትም እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን መቆጠር ያለበት ከመኝታ ወደ ኋላ ነው፤ የመጨረሻው ምግብ ከመተኛት 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት። ሌሊት የሚሠራ ዘበኛ ወይም ነርስ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ሌሊቱን የሚያሽከረክር ሰው ዋና ምግቡን ሥራ ከመግባቱ በፊት በልቶ፣ ለሌሊቱ ከቤት የተሰፈረ ትንሽ ነገር ቢይዝ ይሻለዋል። ባዶ እጁን የወጣ ሰው ዕጣው የነዳጅ ማደያ ብስኩት ነው።

ረሃብን ከአምሮት ሳይለዩ መታገል

የተራበን ሰው "ታገሥ" ማለት ጭካኔ ነው፤ በአምሮት ብቻ ለተነሳ ሰው ደግሞ እራት መጨመር ጥፋት ነው። መለያው የንፍሮ ፈተና ነው፤ አሁን ቀዝቃዛ ንፍሮ ቢቀርብልዎ ይበላሉ? አዎ ከሆነ ርቦዎታል። ንፍሮውን ትተው ብስኩቱን ብቻ ከፈለጉ አምሮት ነው። አምሮት ከሆነ ከክፍሉ ወጥተው 20 ደቂቃ እጅ የሚይዝ ሥራ ይሥሩ፤ የነገ ልብስ መተኮስ፣ ገላ መታጠብ። አምሮት ከፍ ብሎ የሚወርድ ነገር ነው፤ ሳይመገቡትም ይበርዳል። ረሃብ ከሆነ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ፣ በጾም አንድ የቡና ስኒ ንፍሮ ወይም አንድ ሙዝ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ስልክ ትተው። በሦስት ተከታታይ ማታ ከራበዎ የሚስተካከለው እራቱ ወይም ምሳው ነው።

ጨጓራን በምግብ ማባበል

"ጨጓራዬ ስለሚያቃጥለኝ ነው ሌሊት የምበላው" የሚሉ ብዙ ናቸው። ምግብ አሲዱን ለጊዜው ያለዝበዋል፣ ከዚያ ግን ጨጓራ ለመፍጨት ብሎ ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል፤ ወዲያው ከተተኙ ወደ ላይ ይወጣል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና በልተው የሚታገስ የሆድ ሕመም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የወጣ ቁስል ምልክት ሊሆን ይችላል። ኤች ፓይሎሪ በተባለው ባክቴሪያ የሚመጣ ከሆነ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒት ይድናል። ወተትና ዳቦ አያድኑትም።

ማግስቱን በቅጣት መጀመር

ማታ ስለበሉ ቁርስ መዝለል ዙሩን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። የተለመደው ቁርስ በተለመደው ሰዓት ይበላ፤ በቃ።

በሽታን እንደ ልማድ ማየት

የቀኑን ምግብ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ከእራት በኋላ የሚበላ፣ ወይም በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከእንቅልፉ እየተነሳ ካልበላ የማይተኛ፣ ጠዋት ደግሞ ምግብ የሚጸየፍ ሰው የሌሊት አመጋገብ መታወክ ሊኖርበት ይችላል። ችግሩ በሕክምናው ዓለም ከ1955 ጀምሮ ይታወቃል፤ ከድብርትና ከእንቅልፍ ማጣት ጋርም ይያያዛል። በምክር የሚታለፍ ስላልሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሌሊት ቢርባቸው ደግሞ ይብሉ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን የማታ ረሃብን ፈጽሞ መታገል የለባቸውም። ድንገት መራብ፣ ማላብ፣ እጅ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት የስኳር መውረድ ምልክት ነው። ይለኩ፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡና 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ቸኮሌት አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ከተስተካከለ በኋላ ቁራሽ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብሉ፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ይጻፉ፤ የማታው መድኃኒት መጠን መስተካከል ስለሚኖርበት በማግስቱ ለሐኪም ያሳዩ።