ደንገላሳውን የማያቋርጥ ፈረስ ለማሠልጠን

ጅማ ውስጥ ለኮርቻ የሚገዛ ፈረስ ብዙ ጊዜ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ ደንገላሳ፣ ማለትም ከሶምሶማ የሚፈጥነውንና ከሽምጥ ግልቢያ የሚዘገየውን ሩጫ ሲጠየቅ፣ ሦስት አራት ጊዜ ተስፈንጥሮ ወደ ሶምሶማው ይመለሳል፤ ባለቤቱም «ሰነፍ ነው» ብሎ አለንጋ ያነሳበታል። ፈረሱ ግን አልሰነፈም። ጋሪ እየጎተተ ደንገላሳ በጀመረ ቁጥር ጋሪው ስለሚናጥ፣ ነጂው ዛቡን ስቦ ወደ ሶምሶማ ሲመልሰው ኖሯል፤ ዛሬ ከኮርቻ ሥር የሚያደርገውም ለዓመታት የተማረውን ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳልረዳ የመጀመሪያውን ዳማ ፈረሴን ለወራት ጎኑን በተረከዝ ስጎስም ከርሜ፣ ያተረፍኩት አንገቱን ሰቅሎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጋድሞ የሚሮጥ የተጨነቀ እንስሳ ነበር። ያ በደል እስካሁን ይቆጨኛል።

ደንገላሳ ሦስት ምት አለው። ፈረሱ ወደ ቀኝ ሲዞር በመጀመሪያ የግራ የኋላ እግሩ ብቻውን ይረግጣል፤ ቀጥሎ የቀኝ የኋላና የግራ የፊት እግሮቹ አብረው ያርፋሉ፤ በመጨረሻ መሪ የሆነው የቀኝ የፊት እግሩ ይረግጥና አራቱም እግሮች ለቅጽበት ከመሬት ይለቃሉ። ወደ ግራ ሲዞር ቅደም ተከተሉ በተቃራኒው ነው። ግፊቱ የሚነሳው ከኋላ በመሆኑ ጋላቢው ወደ አንገቱ ባጎነበሰ ቁጥር ሸክሙ ወደ ፊት እግሮች ይሄዳል፣ የኋላው እግር ከሆድ ሥር መግባት ያቅተዋል፣ ሩጫውም ይፈርሳል።

ከመጫንዎ በፊት ጀርባውን ከጫንቃው እስከ ወገቡ በጣትዎ ጫፍ ጫን እያሉ ይፈትሹ፤ ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ወይም ፈረሱ ወገቡን ዝቅ ካደረገ የዚያ ቀን ሥራ እዚያው ያበቃል። የጋሪ ዕቃ የላጠውን ቦታ በተለይ ይመልከቱ፤ በጅማ የጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የተባለው የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል ስለሚገባ ኮርቻና ልጓም መዋዋስ አይገባም። ልጓሙ በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት ያለው አገርኛ ልጓም ከሆነ ደግሞ ትንሽ የእጅ ስህተት እንኳ አፉን ያሳምማል፤ ለዚህ ሥልጠና ለስላሳ ልጓም ይሻላል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በክረምት የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ደግሞ እግር ይጎዳሉ፤ ውኃ ያልቋጠረ፣ ጉድጓድ የሌለው የሣር ሜዳ ይፈልጉ። ችካል ተክለው በ10 ሜትር ገመድ ዙሪያውን ይለኩና 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ በአመድ ያስምሩ። ችካሉን መንቀል አይርሱ።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ደንገላሳው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሶምሶማው የተጣደፈ ከሆነ ከእርሱ የሚወጣው ደንገላሳም ይወድቃል፤ ስለዚህ ምቱ እኩል እስኪሆን ክቡን ደጋግመው ይዙሩ። ከዚያ ደረትዎን ቀና አድርገው፣ በክቡ ውስጥ በኩል ያለውን እግርዎን ከኮርቻው የሆድ ጠፍር ላይ፣ የውጪውን ደግሞ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ አድርገው ጫን ይበሉ። ሲነሳ እጅዎ አይቅደመው፤ በደንገላሳ የፈረስ ራስ ሦስቱ ምቶች በተፈጸሙ ቁጥር አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል ክንድዎ አብሮት መሄድ አለበት። የደነደነ እጅ «ቁም» ማለት ነው፣ የጋሪ ፈረስም ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አሁን ፈረሱ ራሱ ከማቋረጡ በፊት እርስዎ ያስቁሙት። አምስት ጊዜ ተወርውሮ የሚወድቅ ከሆነ በአራተኛው ላይ በእርጋታ ወደ ሶምሶማ ይመልሱት፣ አንገቱን ይደባብሱት፣ እንደገና ይጠይቁት። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ ስድስት፣ ወደ ስምንት፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ክብ ያሳድጉት። ዳማዬን የለወጠው ይህ ነው፤ ሩጫው ሲያልቅ ቅጣት እንደማይከተል ሲገባው ጆሮዎቹ ወደ ፊት መጡ።

ሊያቋርጥ ሲል ምልክት ይሰጣል፤ አንገቱ ያጥራል፣ የእግሩ ድምፅ ይከብዳል፣ ሦስቱ ምቶች ወደ አራት ይበታተናሉ። ያን ጊዜ ጋማው ወደ እርስዎ ከፍ በሚልበት ቅጽበት በውስጥ እግርዎ አንድ ጊዜ ጫን አድርገው ወዲያው ይልቀቁ፤ ያለማቋረጥ መጎሰም ያደነዝዘዋል። ወገቡ ከሥርዎ ግራና ቀኝ ሲናጥ ከተሰማዎት የፊትና የኋላ እግሮቹ መሪ ተለያይቷልና (ፊቱ በአንዱ ጎን፣ ኋላው በሌላው ጎን እግር እየመራ ነውና) ወደ ሶምሶማ ተመልሰው እንደገና ይጀምሩ። የሚፈጥንብዎትን ፈረስ ዛብ ጎትተው አይያዙት፤ ክቡን በጥቂቱ ያጥብቡት፣ ራሱ ይረጋጋል።

የኋላ እግር ጉልበት ለማሳደግ ለስላሳ ዳገት ከሁሉ ይበልጣል። ወደ ጅሬን፣ ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጅማን የገዙት ንጉሥ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ የሚወስደው ዳገት ለዚህ ይመቻል፤ ንጉሡ የሚታወቁበት «አባ ጅፋር» ራሱ የፈረስ ስም መሆኑን እዚያ ስወጣ ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። ዳገቱን በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ ይውጡ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ሲጨርሱ ትንፋሹ እስኪረጋ በእርምጃ ያዙሩት፣ ጠፍሩን ያላሉ፣ ከዚያ ኮርቻውን አንሥተው የላቡን ቅርጽ ይመልከቱ። በረጠበው ጀርባ መካከል ደረቅ ቦታ ካገኙ ኮርቻው እዚያ ላይ ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ ምንጣፉ ወይም ኮርቻው ሳይስተካከል በማግስቱ ደንገላሳ አይጠይቁት።