ዲያንተስ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያም ወደ መፍትሄው

ብዙ ጊዜ ሮዝ ቀለም ያለው አበባ የሚያወጣው ዲያንተስ፣ ያ የካርኔሽን የቅርብ ዘመድ፣ ብርድም ድርቀትም በቀላሉ አይጥለውም። ፀሐያማ መደብ ላይ ሲሞት ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በእንክብካቤ ብዛት ነው። ችግር ሲያዩ እንግዲህ ከውሃ ማጠጫው በፊት አፈሩን ይመርምሩ።

ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ውሃ እየጠጣም ይጠወልጋል

መጠውለጉን ያየ ሰው ውሃ ይጨምራል፤ ተክሉን የሚጨርሰውም ይኸው ነው። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ጭቃ ይዞ ከወጣ አንድ ቅርንጫፍ ቀስ ብለው ይሳቡ። ያለ ምንም ትግል እጅዎ ላይ ከቀረና እግሩ ቡናማና ልምሽምሽ ከሆነ አንገቱ፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ በስብሷል። መንስኤው ውሃ የማያሳልፍ አፈር፣ ከመጠን በላይ ጠልቆ መተከል ወይም አንገቱ ላይ የተከመረ ጉዝጓዝ (አፈሩን ለመሸፈን የሚነጠፍ ሣር ወይም ገለባ) ነው።

የበሰበሰውን ለማዳን አይድከሙ። ከጤነኛው ክፍል ያላበቡ ጫፎችን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው፣ የታች ቅጠሎቹን አራግፈው አሸዋማ አፈር ላይ ይትከሉ፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣሉ። አዲሱን መደብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ጭቃማ አፈር ላይ ጥቂት እፍኝ አሸዋ በትኖ መሄድ ራስን ማታለል ነው፤ የሚያድነው ከፍታው ነው። ሲተክሉ አንገቱ ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ዙሪያውንም በጉዝጓዝ ምትክ ጠጠር ያልብሱት።

ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው ግን ጥቂት ነው

ወይ ጥላ በዝቶበታል፣ ወይ ፍግ ጠግቧል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም፤ ያቁሙት። ከመደቡ አጠገብ ሣርዎን የሚያዳብሩ ከሆነ ማዳበሪያው ወደዚያ እንዳይሻገር ይጠንቀቁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

መሐሉ ተራቁቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀረ

እርጅና ነው። ብዙዎቹ ከ3 ወይም 4 ዓመት በኋላ እንዲህ ይሆናሉ። አበባው እንዳለቀ አንድ ሦስተኛውን ይከርክሙ፤ ቅጠል አልባ የሆነውን እንጨት ግን አይንኩ፣ ከዚያ በኋላ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ምትክ ቁራጮችንም አስቀድመው ያዘጋጁ።

እንቡጡ ተጣመመ፣ ጫፉ ያጣብቃል

ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካዩ ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ አለ ማለት ነው፤ ጉንዳኑ የመጣው ክሽክሹ ለሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ጠዋት በኃይለኛ ውሃ አጥበው ያራግፉት፤ ካልለቀቀ ለተክል በተዘጋጀ የሳሙና ውህድ የቅጠሉን ጀርባ ጨምረው ይርጩ። እርጥበቱ ከማታ በፊት እንዲደርቅ ጠዋትን ይምረጡ።