እግር አጣጥፎ መቀመጥ ለሚከብዳቸው የዮጋ ጀማሪዎች

ዮጋን ወድደው የጀመሩ ብዙ ሰዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚተዉት፣ እግር አጣጥፈው ሲቀመጡ ወገባቸው ስለሚጎብጥና ጉልበታቸው ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ሰውነታቸው ለዚህ ያልተፈጠረ ስለሚመስላቸው ነው። መፍትሔው አንድ ጋቢ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ እንደሆነ አብዛኛውን ዓመት ከሣጥን አይወጣም። ጋቢውን ደጋግማችሁ በማጠፍ አንድ ስንዝር የማይሞላ ከፍታ ስጡትና ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፤ እግራችሁ ግን ምንጣፉ ላይ ይቅር። ዳሌ ከጉልበት ከፍ ሲል የዳሌ አጥንት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ አከርካሪም ያለ ትግል ቀጥ ይላል፣ ሆድ ስለማይታጠፍ ትንፋሽ በነፃነት ይወርዳል። በእኔ አስተያየት ጀማሪን ከዮጋ ጋር የሚያፋቅረው ይኸው የረጋ ትንፋሽ እንጂ በፎቶግራፍ የምናየው መተጣጠፍ አይደለም።

ድሬዳዋ ያላችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ ብትሠሩ ይመረጣል፤ በላብ የረጠበ የሴራሚክ ወለል ያንሸራትታልና ምንጣፍ አይቅር። ከፍታዋ በሚበልጠው ሐረር ደግሞ ማለዳው ስለሚቀዘቅዝ አስቀድሞ ሰውነትን ማሟሟቅ ያስፈልጋል። የጉልበት ጉዳት ያለበት ሰው ግን ጋቢ ቢደራርብም እግሩን ማጣጠፍ የለበትም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ የትንፋሽ ልምምድ መሥራት ይችላል።